ያልታረመው ተማሪ

ሐረር ከተማ ውስጥ እንደሻው ወልደሚካኤልን ያልሰማ ሰው ቢኖር ጆሮው የማይሰማ ብቻ ነው፤ «እሱም ታድሎ!» ይሉ ነበር ቀልደኞቹ። ምን ያድርጉ! እንደሻው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው በአዲሱ ከተማ፣ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ግራሞፎኑን ይከፍታል። ግራሞፎኑን ብቻ ቢከፍት ማን በከሰሰው፤ መስኮቱንም ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣውን ድምፅ እንግዲህ እግዜር ይወቀው። ቫዮሊኑ አንድ ነገር ያወራል፣ ፒያኖው ሌላ፣ ጥሩምባው ደግሞ ከሁለቱም ጋር ተኳርፎ ለብቻው ያላዝናል። ጫት የሚሸጡት ሴቶች «ዛሬስ ማንን እያረደ ነው?» ይባባላሉ። ባለጋሪው ፈረሱ እንዳይደነብርበት በታች በኩል ዞሮ ይሄዳል።

«ይህ ዘመናዊ ሙዚቃ ነው» ይላል እንደሻው ለመጡት ጥቂት ሰዎች፣ ሸክላውን በሸሚዙ እጅጌ እየወለወለ። «መጀመሪያ ላይ አይጥምም። ኮሶም መጀመሪያ ላይ አይጥምም።»

«ኮሶ መጨረሻውም አይጥምም፣ አቦ!» ይለዋል ዓብዱላሂ ከኋላ ወንበር።

ዓብዱላሂ ጀጎል ውስጥ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ቀኑን ሙሉ በሚንጫጫበት መንገድ ላይ ሬዲዮና ግራሞፎን የሚጠግን የሐረር ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ሸክላ የሰማ ዕለት «ይኼ ነገር ተሰነጠቀ እንዴ?» ብሎ መርፌውን ሊቀይር ተነስቶ ነበር። ሙዚቃው ወላሂ ገብቶት አያውቅም፤ ግን አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው።

እንደሻውን እንደ እብድ የሚያየው ሞልቷል፤ ይሁን እንጂ ተራ እብድ አልነበረም። ቪየና ድረስ ሄዶ ሙዚቃን ከነታሪኩ ከነምርምሩ አጥንቶ የመጣ፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ፣ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «እኛ የያሬድ ልጆች አዲስ ዜማ ሊያስደነግጠን አይገባም» እያለ የሚሟገት ሊቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደህና ሹመት ከነመኖሪያ ቤቱ ቀርቦለት «አይ፣ ሐረር ይሻለኛል» ብሎ ሲመለስ ዘመዶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምን አዙሮበት ነው? ተባለ። ሚስቱ እልፍነሽ ብቻ ነበረች ምክንያቱን የምታውቀው። እሷም አስተማሪ ናት፤ አንደበቷ እንደ ምላጭ ነው።

«የኔ ሰውዬ የተመለሰው አንድ ሽማግሌ እንዲቆጡት ብሎ ነው» ትል ነበር። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እሷ ግን እውነቷን ነበር።

ሽማግሌው መሪጌታ ኃይለመስቀል ናቸው፣ የድጓው መምህር። ቤታቸው ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነው። ጣልያን ከአገር በወጣ ማግስት የእንደሻው እናት፣ ባሏ በጦርነቱ የቀረባት ሴት፣ ልጇን በእጁ ይዛ ወደዚያ ግቢ ገባችና «የኔታ፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላውን እንደፈለጉ ይቅጡት» ብላ አስረከበች። የኔታ ዓይኑን ምን ያደርጉለታል! እሳቸው የፈለጉት ጆሮውን ነው።

የድጓ ጉባኤ ቤት አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ሁሉ እኩል አይማርም። አንዱ ትናንት የጀመረ ነው፣ አንዱ መሀል ደርሷል፣ አንዱ ሊዘልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እና ሁሉም የየራሱን ዜማ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ይለዋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። የኔታ ደግሞ መሀል ላይ፣ ሾላው ጥላ ሥር፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንዱ ልጅ አንዲት ዜማ ቢያጎድል፣ ድም! መቋሚያው መሬቱን ይመታል። «አንተ! ከግንቡ ጥግ ያለኸው! ምን ያስጥልሃል? ያዘው እንጂ! ድገም!» ልጁ «እሺ የኔታ» ብሎ ይደግማል። ሌሎቹ አያቆሙም።

በዚያ ግቢ አንድ ሕግ ነበር። የኔታ የሚያርሙት የራሳቸውን ተማሪ ብቻ ነው። ከሌላ ደብር እንግዳ መጥቶ ቢዘምርና ዜማውን አመሰቃቅሎ ቢያፈርሰው እንኳ «መልካም ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው በትሕትና ይሸኙታል። የሌላ ሰው ተማሪ አይታረምም፣ ይላሉ። ስለዚህ እዚያ ቤት መታረም ውርደት አልነበረም፤ ቤተኛ መሆን ነበር። እንደሻው ደግሞ ከማንም ይበልጥ ይታረም ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይቀኑበታል።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ የልጅን ጆሮ አጥር አያግደውም። ከግንቡ ውጭ የጦሩ ባንድ ልምምድ ጀመረ። እንደሻው አንድ ቀን ለየኔታ እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ ክላርኔት ሰማ፤ እንጨቱም እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለት ቤት ሆነ። ጠዋት ድጓ፣ ከሰዓት በኋላ የባንዱ አጥር ሥር። የባንዱ አስተማሪ አርመናዊ ነው፤ አይቶ ዝም አለው፣ ቀጥሎ ጠራው፣ ቀጥሎ ክላርኔቱን አስያዘው። ልጁ አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ ሳያዛንፍ ቢመልስለት ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን አራገበ።

እንደሻው ድጓውን ዘለቀ። የኔታ ምርቃቱን ለእሑድ ቀጠሩ። ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ተገዛ፣ ከየደብሩ ካህናት ተጠሩ። ለሙዚቃ ትምህርት የተመረጡትን ልጆች፣ እንደሻውንም ጭምር፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ካሚዮንም የሚነሳው በዚያው እሑድ ሆነ። አይ ሰይጣን! እንደሻው «ልንገራቸው» አለ፤ «ብነግራቸው አይለቁኝም» አለ። ሲያወጣ ሲያወርድ ነጋ። እንግዶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ፈላና በር ሲደርሱ ተመራቂው ካሚዮን ላይ ተንጠልጥሎ ከሐረር ወጥቶ ነበር።

«ተመራቂው የታለ?» አሉ ካህናቱ።

«መንገደኛ ሆኗል» አሉ የኔታ። «እናንተ ብሉ እንጂ። ምግቡ ምን አጠፋ?»

አልረገሙትም፣ ስሙንም በክፉ አላነሱም። እንግዶቻቸውን አብልተው አጠጥተው ሸኙና በማግስቱ ሾላው ሥር ተቀመጡ።

እንደሻው ይህን ወሬ የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ቪየና ተላከ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን አዲስ የተደረሰ ሙዚቃ ሊያሰሙ ወሰዷቸው። ሙዚቀኛው ሁሉ የየራሱን ዜማ ይዞ ሄደ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ግማሹ ሰው እያፏጨ ወጣ፣ አንዲት ወይዘሮ ጆሮዋን ይዛ ጎንበስ አለች። እንደሻው ግን እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር።

«አስከፋህ?» አሉት ፕሮፌሰሩ።

«ኧረ የለም» አለ። «አገሬ ገባሁ።»

ምን ይበላቸው? የየኔታ ግቢ ልክ እንዲህ ነው የሚጮኸው ቢል ማን ይገባዋል? በኋላ ፈተና መጣና ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ እየተጫወተ የቱ የቱ እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ሆነ። ሌሎቹ ሲያልባቸው እሱ ጨርሶ በመስኮት በረዶውን ያይ ነበር። የት ነው ጆሮህን ያሠለጠንከው፣ የትኛው ኮንሰርቫቶሪ፣ ተባለ። «ፈላና በር» አለ። እንግዲህ መዝገባቸው ላይ ጽፈውት ይሆናል።

ያኔ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው። የሚያውቀው ሁሉ፣ የሚያኮራው ሁሉ፣ ዘመናዊውን ሙዚቃ ሌላው ሲሸሸው እሱ እንዲወደው ያደረገው ያ ጆሮ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው እጅ የመጣ ነው። ለዚያ ሰው ደግሞ አመሰግናለሁ እንኳን አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደሻው ካለው ሁሉ ይልቅ የሚመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ ተመልሶ የየኔታ ተማሪ መባል።

ሐረር በገባ በሳምንቱ ፈላና በር ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ወደቀ። የኔታ ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ይነሡ፣ ይነሡ። አቶ እንደሻው አይደሉ? ሰምቻለሁ፣ ትልቅ ሰው ሆነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንበር ስጧቸው!»

«እንዴ የኔታ! እኔን እርስዎ ይሉኛል?»

«የኔታ የሚሉኝ ተማሪዎቼ ናቸው» አሉ በለዘበ ድምፅ። «እርስዎ መሪጌታ ቢሉኝ ይበቃል።»

ከዚያ ወዲያ ያልሞከረው የለም። ሽማግሌ ላከ። የኔታ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው «ምን ተጣላንና ታስታርቁናላችሁ? ሰው ከእንግዳው ጋር ይጣላል እንዴ?» ብለው መለሷቸው። ከተቆጡ ሰው ጋር መታረቅ ይቻላል፤ ካልተቆጡ ሰው ጋር ምን ይደረጋል? በየመድኃኔዓለሙ ክብረ በዓል ስኳርና ቡና ይዞ ይሄዳል፤ ያቺ የእንግዳ ወንበር ትቀርብለታለች። ያቺን ወንበር እንደ እግር እሾህ ጠላት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጉደኛ ዘዴ ፈጠረ። «መሪጌታ፣ እስቲ የልጅነቴን ላሰማዎት» አለና አንድ ዜማ ጀመረ፤ መሀል ላይ ሆን ብሎ ሳተ። ማንም የጉባኤ ቤት ልጅ የማይስታትን ቦታ! በጨረፍታ አያቸው። የኔታ ጣታቸው መቋሚያው ላይ ጠበቅ አለች።

«መልካም ነው» አሉ። «እግዜር ይስጥልን።»

ቤቱ ገብቶ ለእልፍነሽ ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቱን አይታ ተወችው። «አንተ ሰው» አለችው፣ «ሐረር በሙሉ አትጩህብን ሲልህ ግድ የማይሰጥህ፣ አንድ ሰው ይጩህብኝ ብለህ ልትሞት ነው?»

«እሳቸው ካላረሙኝ» አለ እንደሻው፣ «እኔ የማንም አይደለሁም።»

ዓመታት ሄዱ። ጠጉሩ በጎንና በጎኑ ነጣ። የቅዳሜው አዳራሽም ቀስ እያለ ሰው አገኘ፤ አስተማሪዎች፣ የጦሩ መኮንኖች ከነሚስቶቻቸው፣ ከጀጎል ዓብዱላሂ እየጎተተ የሚያመጣቸው ነጋዴዎች። ያኔ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ እንደሻው ስለ ሰው ሙዚቃ ማውራቱን ለጊዜው ተወት አደረገና የራሱን ደረሰ። ስሙን «ጉባኤ ቤት» አለው። ከጦሩ ባንድ የተውጣጡ ስድስት ሰዎች የየራሳቸውን ይጫወታሉ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። መሀል ላይ እንደሻው ራሱ በድምፁ አንድ የድጓ ዜማ ያዜማል። ቃሉን አላስገባም፣ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዜማውን ብቻ። አንድ ቦታ ላይ ስድስቱም ተያይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። እሱ ግን አይወርድም። በድጓው ያ ቦታ ይዘት የሚባለው ምልክት ያለበት ነው፣ ድምፅ ሳይወድቅ ተይዞ የሚቆይበት። እሱ ከላይ ሆኖ ይይዛል፣ እነሱ ታች ናቸው፣ ድምፁ ከድምፁ ጋር ጥርስ እስኪያፋጭ ይፋተጋል።

«የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው» አላቸው ለተጫዋቾቹ። «እዚህ ላይ ካልጨከንን ሌላው ባዶ ጫጫታ ነው።»

ክላርኔት የሚጫወተው በቀለ የሚባል ወታደር አልዋጥ አለው። «ጋሼ እንደሻው፣ በዚህ ሁሉ ድብልቅልቅ ውስጥ እኔ ብሳሳት ማን ያውቃል?»

«ሐረር ውስጥ ሁለት ሰው ያውቃል» አለ እንደሻው። «አንዱ እኔ ነኝ።»

እልፍነሽ በር ላይ ቆማ ይህን ሰማች። በማግስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፣ ስትመለስም ነጠላዋን ወንበር ላይ ወርወር አድርጋ «ይመጣሉ» አለች።

«ማን?»

«እንግዳህ።»

«እልፍነሽ! ምን አልሻቸው?»

«ምን እላቸዋለሁ? እርቅ አላነሳሁም። 'አባቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ባሌን በእንግዳ ወግ ሲያስተናግዱት ኖረዋል፤ አሁን ተራው የእሱ ነው፣ በእንግድነት ጠርቶዎታል። የእንግዳ ጥሪ ይናቃል እንዴ?' አልኳቸው። አዩኝና 'ባልሽ ካንቺ ጋር እንዴት ይኖራል?' አሉ። 'እየታረመ' አልኳቸው። ሳቁ እኮ!»

እንደሻው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ከአንድ ክፍለ ጦር ይልቅ እኚያ ሽማግሌ አስፈሩት።

ቅዳሜው ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ በአዳራሹ መስኮት ገብቷል። ሹማምንቱ ከፊት ተቀምጠዋል፣ የጦሩ ሰዎች ከነቤተሰባቸው፣ ዓብዱላሂ አዲስ ኮፊያ አድርጎ ከወዳጆቹ ጋር። የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ነጭ በነጭ ሆነው፣ በእልፍነሽ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሰው ተነሣላቸው። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደሻው መድረክ ላይ ሆኖ ይህን አየ። ልክ እንደ ሾላው ሥር!

ተጀመረ። ክላርኔቱ ወጣ፣ ትሮምቦኑ ተከተለ፣ ከበሮው የራሱን መንገድ ያዘ። እንደሻው ዜማውን ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ በኩል ኪ፣ ኪ፣ ኪ የሚል ሳቅ ተሰማ። አንዱ ሹም ጎኑ ላለው አንድ ነገር ሹክ አለው፣ ሁለቱም መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ያ ረቢ፣ አንተው ታውቃለህ» አለ ዓብዱላሂ ለራሱ። እንደሻው ግን ስንት ዓመት የተሳቀበት ሰው ነው፣ ሳቅ አዲሱ አይደለም፤ ያ የጨፈነ ፊት ግን እንዴት ይቻላል? ይህን ጩኸት ምን ይሉታል? ያስተማርኩትን ዜማ አመጣና ከጥሩምባ ጋር አጋደለው ይሉ ይሆን? ይህን እያሰበ ያ ቦታ ደረሰ።

ስድስቱ ወረዱ። እሱ መያዝ ነበረበት። ድምፁ ከነሱ ድምፅ ጋር ገና ሲነካካ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱን አኮማተረ፤ የኔታ ግንባራቸው ላይም አንድ ሽብሽብ ወጣ። እንደሻው ፈራ። በሕይወቱ ለሌላው «አትፍሩ» ሲል የኖረ ሰው ፈራና ድምፁን ለቀቀው፤ ከነሱ ጋር ተያይዞ ወረደ፣ ታች ላይ ተገናኙ፣ ተስማሙ፣ ጣፈጠ። አዳራሹ «እፎይ» አለ። አንዷ ወይዘሮ «አሁን ገና!» ብላ ፈገግ አለች።

ድም!

መቋሚያው የአዳራሹን ወለል መታው። «አንተ!»

ሙዚቃው ቀጥ አለ። የኔታ ዓይናቸውን አልገለጡም። «አንተ እንደሻው! ወዴት ነው የምትሄደው? እዚያ ላይ ምን ብዬ ነው ያስተማርኩህ? ያዘው አላልኩህም? ምን ያስጥልሃል?»

አንዱ ሹም «ሽማግሌውን ዝም አሰኙልን እባካችሁ» አለ፤ እልፍነሽ ዞራ ስታየው ወንበሩ ውስጥ ገባ።

«አቤት የኔታ!» አለ እንደሻው። ሳያስበው ነው የወጣው፣ እንደ ልጅ። እንደ ወትሮው «መሪጌታ ይበሉኝ» ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። የለም።

«እነዚህ ስድስቱ የየራሳቸውን ይዘው እየሄዱ ነው፣ ልክ ናቸው» አሉ የኔታ። «ያ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ ያ ወፍራሙም፣ ማንም አልሳተም። እንዲያ ነው ጉባኤ ቤት። አንተ ብቻ ነህ ጥለህ የወረድከው። ሰው ሳቀብህ? ይሳቅ! ግንባሬን ቋጠርኩ? እኔ ሳዳምጥ ግንባሬ ይቋጠራል፣ ታውቃለህ። ድገም! ከመጀመሪያው!»

በቀለ ክላርኔቱን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሁለተኛውን ሰው አገኘው። እንደሻው ይስቅ ይሁን ያለቅስ ለይቶ የሚያውቀው አልነበረም፤ ሁለቱንም ነበር። እጅጌው ላይ ፊቱን ጠረገ።

«እሺ የኔታ» አለ።

ደገሙት። ያ ቦታ ሲደርስ ስድስቱ ወረዱ፣ እሱ ያዘ። ድምፁ ከድምፁ ጋር ተፋተገ፣ መስታወቱ ነዘረ፣ እሱ ግን ያዘ፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ። የኔታ መቋሚያቸው ላይ ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሰው ወደደው ብል ዋሾ እሆናለሁ፤ ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ፊቷን እንዳጨማደደች ነበረች፣ ዓብዱላሂም በኋላ ሲጠየቅ «ገባኝ አልልም፣ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜን ተቆጡት» ነው ያለው። ብዙው ሰው ግን የድጓ መምህር ልክ ነው ያሉትን ጩኸት ጆሮውን ቀና አድርጎ ሰማ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የአዳራሹ ወንበር አልበቃ አለ።

ለመመለስ መኪና ቀርቦ ነበር፤ የኔታ በእግሬ ነው የምሄደው አሉ። እንደሻው ክንዳቸውን ያዘ፣ እልፍነሽ ከኋላ ተከተለች። መንገዱን በሙሉ ሲያርሙት ሄዱ። ስትደግመው ቸኩለሃል። እሺ የኔታ። ርክርክ የሚባለውን ምልክት አላግባብ አሳጥረኸዋል። እሺ የኔታ። አንገትህ ላይ ያሠርከው ማነቆ ትንፋሽ ይከለክላል፣ ስታዜም አውልቀው። እሺ የኔታ። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀውን ባንድ መንገድ ጠገበው።

ፈላና በር ሲቃረቡ ልቡ አልችል አለውና ጠየቃቸው። «የኔታ፣ ያኔ ፊትዎ ስስት ዝም ብለውኝ፣ ዛሬ ለምን?»

የኔታ ቆሙ። «ያኔ ያሰማኸኝ ሆን ብለህ ያበላሸኸውን ነበር። የማላውቅ መሰለህ? እያወቀ የሚሳሳትን ሰው ምን ብዬ አርመዋለሁ? ዛሬ ግን የእውነት ሳትክ። ፈርተህ ሳትክ። ልጄ ፈርቶ ሲወድቅማ ዝም ብዬ አላይም።»

እንደሻው መንገዱ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ከነሙሉ ልብሱ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ፣ ያለኝ ሁሉ የእርስዎ ነው። ሳላመሰግንዎት ሄድኩ። ባሕር ማዶ ሆኜ በየቀኑ አመሰግንዎት ነበር፣ አልሰሙኝም እንጂ።»

«ጆሮውን የሰጠሁህ እኔ አይደለሁ?» አሉ የኔታ። «ጆሮህ ወደ ወሰደህ ብትሄድ ማንን እከሳለሁ? ግን ነግረኸኝ ብትሄድ ስንቅ እይዝልህ ነበር።»

አሁን አላነሱትም። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብለው እልፍነሽን ፈለጓት።

«አንቺ ምላሰኛ፣ ጠላ መጥመቅ ትችያለሽ?»

«ሲያምርብኝ፣ አባቴ!»

«እንግዲያው ጥመቂ። ለዚህ ልጅ ምርቃት የጠራኋቸው ካህናት አብዛኞቹ አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀሩትን ለእሑድ እጠራቸዋለሁ፤ ተመራቂው ከመንገድ ተመልሷል እላቸዋለሁ።» መቋሚያቸውን ወደ እንደሻው ቀሰሩ። «አንተ ደግሞ እሑድ ጠዋት ካሚዮን እንዳትሳፈር!»

«እሺ የኔታ» አለ እንደሻው።